ሃያ ለማንም አይሁን

ሰው ሲዋደድ አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ተዋዶ ሲኳረፍ ካየሁማ የበላሁትም አይረጋልኝ። እናቴ «ጽጌሬዳ፣ አንቺ የሰው ጉዳይ ካልገባሽበት እጅሽን ይበላሻል» ትለኛለች፤ ልክ ናት። ስለዚህ የሳፊያንና የሙሜን ነገር ከሰው ሰማሁ ብዬ አላወራችሁም። ዓይኔ ሥር ነው የሆነው። እንዲያውም ግማሹን ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ አቦ ማን ይከሰኛል!

ኮሌጃችን፣ ስሙ ይቅርብን፣ ሁለት ግቢ አለው። አሮጌው ግቢ ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፣ ከፈላና በር ትንሽ ገባ ብሎ፤ እኔ እዚያ ሬጅስትራር ቢሮ እሠራለሁ። አዲሱ ግቢ ከግንቡ ውጭ ነው። ባጃጅ ከያዛችሁ ወሬ ጀምራችሁ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። በዚያ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ግን ከሁለቱ ግቢ የበለጠ የተራራቀ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሳፊያ የእኛ ግቢ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። የኮምፒዩተሩን ሁሉ ገመድ የሚሰበስበው ስዊች የተሰቀለበት የብረት ሳጥን እኔ ቢሮ ጥግ ላይ ስለሆነ፣ ሥራዋ ግማሹ ከእኔ ጋር ነው። የሐጂ ዓብዱላሂ ልጅ ናት። ሐጂ መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር፣ የሰፊዎቹ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንጣጣ ከሚውልበት መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ቤታቸው ከቅድመ አያት የወረደ የጀጎል ቤት ነው፤ በዚያ ቤት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታ አለው፣ ሰውም ጭምር።

ሙሜ ደግሞ ከሶፊ ገጠር የመጣ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ዩያ ማሽላና ጫት የሚያለሙ ገበሬ ናቸው። ተምሮ መጣ፣ ኮሌጁ በውል ቀጠረው፣ የአዲሱን ግቢ ኔትወርክ አስረከቡት። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል። እኔ ያን ሳቅ ባየሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል፤ ሳፊያን ምን እንደሚያደርጋትማ እናንተው ገምቱት።

ፍቅራቸው የተጀመረው በስልክ ነው። ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ጋር መገናኘቱን የሚያረጋግጡበት ነገር አለ፣ ፒንግ ይሉታል፤ አንዱ «አለህ?» ብሎ እንደ መጣራት፣ ሌላው «አለሁ» ብሎ እንደ መመለስ ነው። ሁለቱ የየግቢያቸውን ሥራ ሲፈትሹ «ፒንግ አድርጊልኝ» «ደረሰህ?» ሲባባሉ ይውላሉ። እያደር ስልኩ ሲደወል ሳፊያ «አለህ?» ትላለች፣ ከወዲያ «አለሁ» ይላታል፤ ከዚያ ስለ ገመድ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጉንጯ ሲቀላ እኔ ማህተም የምመታ መስዬ አንገቴን እደፋለሁ።

በክረምቱ መውጫ አቶ ዩያ ሽማግሌ ይዘው፣ ከገዛ ማሳቸው የቆረጡትን ጫት በቅጠል ጠቅልለው፣ ሳፊያን ለልጃቸው ሊጠይቁ ጀጎል ገቡ። ያኔ ነው ነገር የተበላሸው።

የሐረሪ ቤት ሳሎን ወንበር የለውም። ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ከፍና ዝቅ ያለ ደረጃ ደረጃ መደብ ነው፤ ነደባ ይባላል። ከሁሉ የከበረው አሚር ነደባ ነው፣ የቤቱ ጌታ ብቻ የሚቀመጥበት። እንግዳ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ እዚያ አይወጣም። አቶ ዩያ ግን ሰላምታ ሰጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀጥ ብለው አሚር ነደባው ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ።

የሐጂ ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ። ከዘመዱ መሃል አንዱ፣ አፉ ይያዝና፣ «መቀመጫውን የማያውቅ ሰው ልጅ ሊጠይቅ መጣ!» አለ። ሌላው «አባት፣ ከዚያ ይውረዱ» አላቸው። ሐጂ ዓብዱላሂ አፍረው ይሁን ተቆጥተው አንድ ቃል አልተነፈሱም። አቶ ዩያ ወረዱ። ጫታቸውን ሳይፈታ አንስተው፣ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስልኩ ለሥራ እንኳን አልጮኸም። እሱ አባቱ ስለተዋረዱ፣ እሷ አባቷ ስለተደፈሩ። ሁለቱም ልጆች ለአባቶቻቸው ታማኝ ሆኑ፣ ለልባቸው ግን ማን ይሁን? ሳፊያ በኩርፊያው ሰሞን ቀጥና ሻሿ እንኳን የሚከብዳት መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ሁለቱን ግቢ በአንድ ፋይበር ገመድ እናገናኝ ተባለ። ሥራ ተቋራጮች መጥተው መሬት ቆፈሩ፣ ገመድ ቀበሩ። ለሳፊያም ለሙሜም «የየራሳችሁን ጎን አዘጋጁ» የሚል ትእዛዝ ተሰጠ። አዘጋጁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እኮ ሰዓት ሙሉ በስልክ ይመካከሩበት ነበር! ያን ጊዜ ግን ማን ለማን ይደውል? ተቋራጮቹ ገመዱን ከዚህም ከዚያም ሰክተው ሄዱ፣ ሰኞ ምዝገባ ተጀመረ፣ ረፋዱ ላይ ጉድ ፈላ።

የእኔ ቢሮ ኮምፒዩተሮች ግማሾቹ ዕውር ሆኑ። ተማሪው ሰልፍ ይዞ ግቢውን ሞላው፣ አንዱንም መመዝገብ አልቻልኩም። ይሄ ሳያንስ አዲሱ ግቢ የተማሪዎች የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ፣ በእኛ አጠራር ላብ፣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ልጅ ፋይል ልክፈት ሲል የኮሌጁ የውጤት መዝገብ ብርግድ ብሎ ፊቱ ተከፈተለት። የራሱም የሰውም፣ የሁሉም ውጤት! ደግነቱ ማየት እንጂ መለወጥ አይችልም ነበር። ቢሆንም ወሬው ከልጁ ቀድሞ ከላቡ ወጣ።

ዲናችን አቶ ዘውዴ ሲናደዱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ያን ቀን ሁላችንንም ጠርተው ሲሰበስቡን መነጽሩ ጭራሽ አልነበረም።

«ውጤት ለተማሪ የከፈተው ማነው?»

ሙሜ በር አጠገብ ቆሟል፣ ሳፊያ ከእኔ ጎን ተቀምጣለች። ከክረምት ወዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። ቀና ብላ አየችው፣ እሱም ሲያያት ነበር፤ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እኔ ግን አይቻቸዋለሁ። እንዲያ የሚተያዩ ሰዎች ተጣሉ ብትሉኝ አላምንም።

«ሳፊያ፣ በአንቺ በኩል ችግር አለ?» አሉ ዲኑ።

«የለም ጋሼ። ፈትሼዋለሁ። በእኔ በኩል ያለው ሁሉ ትክክል ነው።»

እውነቷን ነው። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሙሜ ፊት ሲጠቁር አየሁት፤ ከአንደበቷ የሰማው «ጥፋቱ የእሱ ነው» የሚል ነበር።

«በእኔም በኩል ሁሉም ትክክል ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁለት ትክክል ተደምሮ ስህተት አይመጣም!» አሉ አቶ ዘውዴ። «የተከፈተው አንተ ግቢ ነው፣ አንተ ላብ ውስጥ ነው። እስከ አሥር ሰዓት ምክንያቱን ካላገኘህልኝ ውልህ ተቋርጧል። የምትሸኘውም ውጤት አሳልፎ በመስጠት ተጠርጥረህ ነው።»

ሙሜ እጅ ነስቶ ወጣ። አንድ ቃል አልተከራከረም።

ሥራ ማጣቱስ ይሁን፣ ሥራ ይገኛል። ስሙስ? ሐረር ትንሽ ናት፤ «ውጤት ሲያሾልክ ተይዞ ተባረረ» የተባለ ልጅ የትኛውን ሽማግሌ ደግሞ ወደ ሐጂ ዓብዱላሂ በር ይልካል? ሳፊያም ይሄው ገብቷታል። ቢሮ ገብተን በሩን እንደዘጋሁ የብረት ሳጥኑን ከፍታ ጭንቅላቷን ስዊቾቹ መሃል ቀበረች፤ ሥራ የያዘች መስላ። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እኔ እኮ ስለ ስዊቹ ነው የተናገርኩት፣ ጽጌ» አለች። «እሱን ልወነጅለው ወላሂ አላሰብኩም። አሁን ምን ብዬ ልደውልለት? በምን አፌ?»

እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ግን ንዴቴ መጣ። በዲኑም፣ በአባቶቹም፣ በእነዚህ ሁለት ግትሮችም ተናደድኩ።

«አቦ በቃኝ!» ብዬ ስልኬን አወጣሁና የሙሜን ቁጥር መታሁ። ድምጹን ወደ ስፒከር አድርጌ ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ስፒከር ያደረግኩት ሳፊያ ሁለት እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ብታምኑም ባታምኑም።

«አለሁ» አለ ሙሜ። ስልክ ሲያነሳ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚለው።

«ጽጌሬዳ ነኝ። ሳፊያ አጠገቤ ናት። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ፣ አውሩ!»

ሳፊያ በዓይኗ ቆጣችኝ።

«ሳፊ…» አለ ሙሜ።

«ሙሜ፣ ስለ ስብሰባው ኋላ ትቆጣኛለህ» አለች፤ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። «አሥር ሰዓት ሳይደርስ መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ። ፋይበሩን ነቅዬዋለሁ። ቪላኖችህን አንድ በአንድ ንገረኝ።»

እንግዲህ ቪላን ማለት፣ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ አንድ ስዊች ውስጥ ግድግዳ ማቆም ነው። ገመዱ ሁሉ አንድ ላይ ተሰክቶ እያለ አስተዳደሩ ለብቻው፣ ተማሪው ለብቻው፣ ሬጅስትራሩ ለብቻው ክፍል ያገኛል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ስዊቾቹ ክፍሎቹን የሚለዩት ግን በስም አይደለም፣ በቁጥር ነው። ሁለት ስዊች ሲገናኝ አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል።

«አስር?» አለች ሳፊያ።

«አስተዳደር።»

«የእኔም አስተዳደር ነው። አስራችን አንድ ነው። ሃያ?»

«አንቺ ቀድመሽ ንገሪኝ» አለ ሙሜ፤ ድምጹ ተለውጧል።

«ሬጅስትራር። የውጤቱ ሰርቨር ያለበት።»

ከወዲያ በኩል ጠረጴዛ ሲመታ ተሰማን።

«ያ ረቢ!» አለ። «የእኔ ሃያ የተማሪዎች ላብ ነው።»

ሳፊያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እንኳን፣ ኮምፒዩተር ሲበላሽ በጥፊ የምመታው ሴትዮ፣ ገባኝ። ተማሪዎቹ ግድግዳ አልዘለሉም። ለሁለት የተለያየ ክፍል አንድ ቁጥር ተሰጥቶ ነበር፣ ፋይበሩ ሲገጠም አንድ ቤት ሆኑ፤ የእኔ ኮምፒዩተሮችም የታወሩት ከላቡ ኮምፒዩተሮች ጋር አድራሻ ተሻምተው ነበር።

«አየህ?» አለች ሳፊያ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እኔም አልዋሸሁም፣ አንተም አልዋሸህም። ለየብቻችን ትክክል ነበርን! ቀድመን ብንነጋገር ኖሮ እኮ…»

«ብንነጋገር ኖሮ» አለ እሱም። 

እዚህ ላይ ነው የቢሮዬ በር ቀስ ብሎ የተከፈተው። ዞር ብል ሐጂ ዓብዱላሂ! የመጨረሻ ልጃቸው ምዝገባ ስለቆመበት ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። ሳፊያ ጀርባዋን ሰጥታ ሳጥኑ ውስጥ ገብታለች፣ አላየቻቸውም። ብድግ ልል ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝና አግዳሚው ላይ ከዘራቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ያን ስፒከር ማጥፋት ነበረብኝ። አውቃለሁ። አላጠፋሁትም፣ አላጠፋምም!

«ሃያን አንቺ ያዢው» ይላል ሙሜ በስልኩ። «የእኔን እቀይራለሁ።»

«ለምን አንተ? እኔ እቀይራለሁ።»

«እኔ ነኛ የመጣሁት። ከውጭ የመጣ ነው የሚለቀው።»

ሳፊያ መተየቧን አቆመች። «እንዲህ አትበል! እንዲህ ስትል ልቤን ነው የምትሰብረው። ከውጭ የመጣ ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔ መቼ ነው አንተን በውጭ ያየሁህ?»

«ቤታችሁ ግን በውጭ አይቶናል» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ስብራት ነበረበት። «ሳፊ፣ አባትሽን አልተቀየምኩም። ይሄን እወቂልኝ። አባቴም እዚያ የወጣው ንቆ አይደለም። በእኛ አገር እንግዳ ሽማግሌ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ባለቤቱን ‹ቤትህ ክብር የለውም› እንዳለው ነው። ከሶፊ እስከ ጀጎል እየመጣን ‹የሐጂን ቤት አከብራለሁ፣ ከላይ እቀመጥላቸዋለሁ› ይለኝ ነበር። ደስ እያለው ነው የወጣው። ‹ውረድ› ሲሉት ክብሩን የመለሱበት መሰለው። ከዚያ ወዲህ የቤታችሁን ስም አንስቶ አያውቅም።»

 እኔ ወደ ሐጂ ማየት ፈርቼ ነበር። ቀስ ብዬ ሳይ፣ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

በሹክሹክታ «ልጄ ጽጌሬዳ» አሉኝ። «ያ የማሽኑ ነገር… ጥፋቱ የማን ሆነ?»

«የማንም ሐጂ» አልኳቸው እኔም በሹክሹክታ። «ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ነበሩ። አንዱ ቁጥር ለዚህ ሌላ፣ ለዚያ ሌላ ነበር። ሳይነጋገሩ ተገጣጠሙ፣ ተጋጩ።»

«ሱብሃነላህ» አሉ፤ ደጋግመው አሉት።

«አባቴ ይሄን አያውቅም» ትላለች ሳፊያ ለስልኩ። «ወላሂ አያውቅም፣ ሙሜ። እሱም እኮ የማንንም ክብር አልነካም። የአባቱን የአያቱን ወግ ነው የጠበቀው። አባትህም ትክክል፣ አባቴም ትክክል። እነሱም እንደኛ ሃያ በሃያ ተጋጭተው ነው!» ሳቅ አመለጣት፣ እንባዋም እየወረደ። «ስማኝ፣ እኔ ሃያን አልይዝም። አንተም አትይዝም። ሁለታችንም እንልቀቀው። ውጤቱ ሁለት መቶ ይሁን፣ ላቡ ሦስት መቶ፣ በሁለቱም ግቢ። ሃያ ለማንም አይሁን።»

«ሃያ ለማንም አይሁን» አለ ሙሜ። በድምጹ ብቻ ፈገግ ማለቱን አወቅኩ።

ከዚያ የሁለቱ ጣቶች ምን ልበላችሁ። እሷ ከዚህ ታዛለች፣ እሱ ከዚያ ይመልሳል። «ሁለት መቶን ፈጠርኩ።» «እኔም።» «የሬጅስትራር ፖርቶችን አዛወርኩ።» «የላቡን ጨረስኩ፣ ሃያን አጠፋሁት።» «በፋይበሩ በኩል ያልተስማማንበት ቁጥር እንዳያልፍ ዝጋው።» «ዘጋሁት፣ አስቀመጥኩት።» ጭቅጭቅ የለ፣ ፉክክር የለ። ሁለት ሰው አንድ ጋቢ እያጠፈ ይመስል ነበር፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል።

«ልሰካው?» አለች፣ የፋይበሩን ጫፍ ይዛ።

«ቢስሚላህ በይና ስኪው።»

ሰካችው። መብራቷ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆና ጸናች። ሳፊያ ፒንግ አደረገች። ስክሪኑ ላይ መልስ በመልስ ላይ ተደረደረ።

«አለህ?» አለች፤ ድምጿ እንደ ድሮው ሆነ።

«አለሁ» አለ። «አለሁ፣ ሳፊ። የትም አልሄድኩም።»

ኮምፒዩተሬ ላይ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲከፈት መስኮቱን ከፍቼ «ተሰለፉ! ተሰለፉ!» ብዬ ጮህኩ። ግቢው በፉጨትና በጭብጨባ ተናጋ። ሙሜ በበኩሉ ላቡ ገብቶ ያን ልጅ «እስቲ የውጤቱን ፋይል ድገምና ክፈት» አለው፤ ሞከረ፣ ሞከረ፣ እንቢ! ሦስት መቶ ሁለት መቶን አያይም።

ይሄን ጊዜ ነው ሐጂ የተነሱት። የከዘራቸው ድምፅ ሲሰማት ሳፊያ ዞረች፤ ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«አባ! መቼ… ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?»

«ከሃያ ጀምሮ» አሉ። እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፣ ሰጠኋቸው። ስልኩን እንደ ሬዲዮ ከፊታቸው ርቀው ያዙት።

«ሙሜ!»

ከወዲያ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፣ ወንበር ሳይሆን አይቀርም። «ሐ… ሐጂ? እዚያ ነዎት?»

«እዚህ ነኝ። ልጄ፣ ስማኝ። ያን ቀን አፌን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤቱ የእኔ፣ እንግዳው የእኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ። አባትህ የመጡት ቤቴን ሊያከብሩ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሳልጠይቅ ፈረድኩ።» ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባትህን ይዘህልኝ ና። ይመጣሉ?»

«ኢንሻአላህ ሐጂ። እኔ… አመጣቸዋለሁ።»

ሐጂ ስልኩን መለሱልኝ። ሳፊያን ግን አላዩዋትም፤ ወደ በሩ እየሄዱ እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉና ወጡ። እሷ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ይሄኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነበር፤ እኔም አላባበልኳትም፣ አብሬያት ተቀመጥኩ።

አቶ ዘውዴ አሥር ሰዓት ሳይሞላ መጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው። ነገሩን ሰምተው ሁለቱን ግቢ የሚያገናኘውን መብራት በዓይናቸው አይተው፣ ለሙሜ ደወሉለት። «ሁለት ትክክል ተደምሮ ስህተት አይመጣም ብዬህ ነበር፤ ይመጣል ለካ» አሉት። ይቅርታም ጠየቁት። ስለ ውሉ ሲጠይቁት ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ጁምዓ ከሰዓት ፈቃድ ስጡኝ» አለ። ይሄው ብቻ!

ጁምዓ እኔም ተጠራሁ። ከሳሎኑ ጎን ካለችው የሴቶች ክፍል ከሳፊያ ጋር ተጠጋግተን ተቀምጠን ነበር፤ እጄን ይዛ ጣቶቼን ልትሰብራቸው።

አቶ ዩያ ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ አሰላሙ ዓለይኩም አሉ። ጫታቸው እንደ መጀመሪያው በቅጠል ታስሯል። ከዚያ እግራቸው ወደ ላይ አላመራም፤ ከበሩ ኋላ ያለችው፣ ሎሌና ልጅ የሚቀመጥባት የመጨረሻዋ ዝቅተኛ መደብ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ። ተምረው ነው የመጡት። ሙሜ በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን ነከሰ።

ሐጂ ዓብዱላሂ ከአሚር ነደባቸው ብድግ ብለው ወረዱ። በዚያ ቤት ለእንግዳ ሲወርዱ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ዩያን በእጃቸው ያዟቸው።

«ወደ ላይ ይውጡልኝ። በእርስዎ አገር የእንግዳ ነው።»

«አልወጣም ሐጂ። በእርስዎ አገር የባለቤቱ ነው።»

«ይውጡ እንጂ!»

«በነቢ አልወጣም!»

ሁለት ሽማግሌ እየተጓተቱ ሳሎኑ መሃል ቆሙ። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ሲጎትት፣ ዘመድ አዝማዱ ዓይኑን አፍጦ ቀረ። ያ አፉን የከፈተው ዘመድ ደግሞ ዛሬ አንገቱን ሰብሯል፣ እሰይ! በመጨረሻ ሐጂ ሳቃቸው መጣ። እንደዚያ ሲስቁ እኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንግዲያው» አሉ ጮክ ብለው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ዛሬ እዚያ ላይ እኔም አልቀመጥ፣ እርስዎም አይቀመጡ። ለማንም አይሁን!»

አቶ ዩያንም ክንዳቸውን ይዘው ከአሚር ነደባው ዝቅ ብሎ ወዳለው ትልቁ ነደባ ወሰዷቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከላያቸው አሚር ነደባው ምንጣፉን ለብሶ ባዶውን ቀረ።

«ሃያ» አለች ሳፊያ በጆሮዬ። 

የጫቱ እስር ተፈታ፤ ልጅ ተሰጠ ማለት ነው። ለሁሉም ታደለ፣ የሐረር ጣፋጭ ሐሉዋውም ዞረ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው የፋቲሓውን ዱዓ አደረጉ፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። የሳፊያ ስልክ ጉልበቷ ላይ ብልጭ አለ። በበሩ ክፍተት ስናይ፣ ሙሜ የሳሎኑ ደፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ይዞ ወደ እኛ ክፍል ያያል፤ እየሳቀ ነው፣ ዙሪያውን ሳያይ። መልእክቱ አንዲት ቃል ናት፦ «አለሽ?»

ሳፊያ «አለሁ» ብላ መለሰችለት። እኔም ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ወጉ ምን እንደሚል ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የሐረሪ እናቶችም ተከትለው አቀለጡት።